ጸጥ ያለ ነጌቲቭ 5 ቮልት

የማይክሮፎን ማጉያዬ ያፏጭ ነበር። ኦፕ-አምፑ (ምልክቱን የሚያጎላው ክፍል) ነጌቲቭ ቮልቴጁን የሚያገኘው 9 ቮልቱን ወደ ነጌቲቭ ከሚገለብጠው አይሲኤል7660 ቺፕ ነው። በኦሲሎስኮፕ ሳየው መስመሩ ላይ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ሞገድ አለ፤ 5 ኪሎኸርዝ ገደማ። የቺፑ ኦሲሌተር (ምት ሰጪው) 10 ኪሎኸርዝ ሆኖ ለሁለት ስለሚካፈል ነው። ጆሮ ጥርት አድርጎ የሚሰማው ድምፅ!

ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ፌራይት ቢድ (ጫጫታ የሚያፍን ትንሽ ክፍል) ይበይዳል። እዚህ ግን ምንም አይፈይድም፤ እሱ ስራው ሜጋኸርዝ ላይ ነው። እኔ ከቺፑ ቀጥሎ 10 ኦም ሬዚስተርና 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገባሁ። ከ160 ኸርዝ ጀምሮ ያዳክማል፤ 5 ኪሎኸርዙን ወደ 30 እጥፍ ይቀንሰዋል። ሰርኪዩቱ የሚስበው 5 ሚሊአምፒር ስለሆነ ሬዚስተሩ ላይ የሚቀረው 50 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ከዚያ ቲፒኤስ7ኤ30 ሬጉሌተር (ቮልቴጅ የሚያረጋጋ ቺፕ) ወደ ነጌቲቭ 5 ያወርደዋል። 7905 የተባለው ሬጉሌተርም ይሰራል፣ ግን ራሱ ጫጫታ አለው።

ያም ሆኖ ቀጭን ፉጨት ቀረች። ምንጯ ግራውንዱ (ከረንቱ የሚመለስበት የጋራ መስመር) ነበር፦ የአይሲኤል7660 ቺፑ የከረንት ምት በኦፕ-አምፑ ግራውንድ በኩል ይመለሳል። የዚህን ቺፕ የግቤትና የውጤት ካፓሲተሮች እግር በቀጥታ ወደ ቺፑ ግራውንድ ፒን ወሰድኩ። ከቀረው ሰርኪዩት ጋር በአንድ ነጥብ ብቻ አገናኘሁት። ፉጨቱ ድራሹ ጠፋ።