ሽቦ ላይ የተዘረጋ አፕላችሁ ለምን አያብብም? በየግቢው የማያቸው ስህተቶች

አፕልን ሽቦ ላይ ዘርግቶ ማሳደግ ለጠባብ ግቢ የሚመች ነገር ነው። ግንዱ መሃል ይቆማል፣ ቅርንጫፎቹ ግራና ቀኝ ተኝተው በረድፍ ይታሰራሉ። ፈረንጆቹ ኤስፓሊየር ይሉታል። ስራዬ የሰው ግቢ ዛፍ መንከባከብ ስለሆነ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አይቻለሁ። የምጠራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ቅጠሉ ያምራል፣ አበባ ግን የለም» ተብሎ ነው። ሄጄ ሳየው ዛፉ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ ያለው ከሰው እጅ ነው፤ ያውም ዛፉን ከሚወድ ሰው እጅ።

ዝርያውን ሳይጠይቁ መግዛት

«አፕል ነው» ተብሎ ብቻ የሚሸጥ ችግኝ አትግዙ። አፕል በደንብ ለማበብ ብርድ ይፈልጋል። ብርዱ የሚለካው ዛፉ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ባሳለፈው ሰዓት ነው። አና እና ዶርሴት ጎልደን ለሚባሉት ዝርያዎች 300 ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃቸዋል። ሬድ ዴሊሺየስ ግን 700 ገደማና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። በአፕሏ የምትታወቀው የጋሞዋ ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ ቦሌ 2,300 አካባቢ ነው። ስለዚህ ጨንቻ ሄዳችሁ ፍሬ አንጠልጥሎ ያያችሁት ዛፍ ሁሉ ቦሌ ላይ ያፈራል ማለት አይደለም። ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ አና እና ዶርሴት ጎልደንን አጥብቃችሁ ያዙ።

በልታችሁ ከጣላችሁት ፍሬ የበቀለ ችግኝ እናቱን አይመስልም፤ ለማፍራትም ዓመታት ይፈጅበታል። የተዳቀለ ችግኝ ግዙ፤ የአንዱ ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ ስር ላይ የተቀጠለ ማለቴ ነው። የላዩን ብቻ ሳይሆን የስሩንም ስም ጠይቁ። ለሽቦ ኤምኤም 106 የሚባለው ስር ጥሩ ነው፤ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ግን አንገቱ ይበሰብስበታል። ጥቁር አፈር ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ። የተዳቀለበት እብጠት ደግሞ ከመሬት በላይ ይሁን። ከተቀበረ የላዩ ክፍል የራሱን ስር ያወጣና ዛፉ ከቁጥጥር ውጭ ይሆናል።

የእንግሊዝን ምክር እንዳለ መቅዳት

ኢንተርኔት ላይ ስለ ኤስፓሊየር ብዙ ቪዲዮ የሚለቁት እንግሊዞች ናቸው። «ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ ላይ ትከሉ» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ እነሱ ሙቀት ያጥራቸዋል። እኛን የሚያጥረን ብርድ ነው። የከሰዓት ፀሐይ የመታው የብሎኬት አጥር ሙቀቱን ይዞ ያመሽና ሌሊቱን ለዛፉ ይለቅበታል። የኅዳርና የታኅሣሥን ጥቂት ብርድ ይቀማዋል ማለት ነው። ቆርቆሮ አጥርማ ይባስ፣ ቀን ቀን ቅጠሉን ይጠብሰዋል። ሁለት ብረት ትከሉና ሽቦውን ከአጥሩ ራቅ አድርጋችሁ ዘርጉት። ነፋስም ይለፍበት።

ከጥዱ ጋር አብሮ መከርከም

ይሄኛው ነው የሚያንገበግበኝ።

አያት አካባቢ አንድ ግቢ ተጠርቼ ሄድኩ። ዛፉ የሚያስቀና ነው። አራት ረድፍ፣ ቀጥ ያለ፣ አንድ የተዛነፈ ቅርንጫፍ የለውም። ባለቤቱ «ስንት ዓመት ሆነው፣ አንድ ፍሬ አላየንም» አሉኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው የቀንበጦቹ ጫፍ በሙሉ ተቆርጧል።

«ጋሼ፣ ማነው የሚገርዘው?»

«ዘበኛችን ነው። ጎበዝ ልጅ ነው። ጥዱን በየወሩ ሲያስተካክል እሱንም ያስተካክለዋል።»

በየወሩ! ልጁ በእርግጥም ጎበዝ ነው፣ እጁ ቀጥ ያለ ነው። ግን የሚመጣውን ዓመት አበባ በየወሩ እየጠረገ ቆሻሻ ውስጥ ሲጥል ነበር የከረመው። እንዲህ ያለ ዛፍ በየሰፈሩ አለ። ሰው «ማዳበሪያ ይጨመርበት? መድኃኒት ይረጭ?» ብሎ ይጨነቃል። መቀሱን የሚጠረጥር የለም።

እባካችሁ ይህን ያዙልኝ፦ አፕል የሚቀጥለውን ዓመት አበባ የሚያዘጋጀው ዘንድሮ ነው፣ የዘንድሮን ፍሬ ተሸክሞ እያለ። አብዛኛው የአበባ እምቡጥ የሚቀመጠው ደግሞ ጣት በማይሞሉ፣ የተጨማደዱ፣ አጫጭር ቀንበጦች ላይ ነው። መልካቸው አያምርም። ደረቅና የማይረባ ነገር ስለሚመስሉ ሰው ቀድሞ የሚቆርጠው እነሱን ነው።

መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት አንዱን ቅርንጫፍ በአውራ ጣታችሁ ዳስሱት። የቅጠል እምቡጥ ቀጭንና ሹል ነው፤ ቅርንጫፉ ላይ ልጥፍ ብሎ ይተኛል። የአበባው እምቡጥ ወፈር፣ ክብ ይላል፤ ከቅርንጫፉም ገንጠል ብሎ ይወጣል፤ ስትነኩት ለስላሳ ጸጉር አለው። ጣታችሁ ሁለቱን መለየት እስኪለምድ ድረስ ምንም አትቁረጡ። አንድ ዓመት ሳይገረዝ የከረመ አፕል አይሞትም።

የሚቆረጠው ከተኙት ቅርንጫፎች ላይ የሚተኮሰው ረጅም ቀንበጥ ነው። ጊዜውን ከቀን መቁጠሪያ አትፈልጉት፣ ከቀንበጡ ላይ አንብቡት። ከስሩ ያለው ሲሶ ጠንክሮ ቡናማ ሲሆንና ጫፉ ማደጉን ሲያቆም ደርሷል። ያኔ ከ20 ሴንቲ ሜትር የረዘመውን ምረጡ፤ መነሻው ላይ ተጠጋግተው የበቀሉትን ቅጠሎች አትቁጠሩ፣ ከነሱ በላይ ሦስት ቅጠል ትታችሁ ቁረጡት። በክረምቱ ዝናብ መሃል፣ ገና ለምለም ሳለ ከነካችሁት ግን በአንዱ ፋንታ ሦስት ይተኩስባችኋል።

አለቦታው ማጠፍ

ቆሞ የሚያድግ ቅርንጫፍ ጉልበቱ ለቁመት ይሄዳል። የተኛው ያፈራል። ሽቦ ላይ የመዘርጋት ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ግን አንዴ በጉልበት አታስተኙት። ለጋ ሳለ ግማሽ ያህል ዘንበል አድርጋችሁ እሰሩት፣ የዓመቱ እድገቱ ሲያልቅ ወደ ሽቦው አውርዱት። ጫፉ ከመነሻው በታች ከወረደ ደግሞ የጎበጠበት ቦታ ላይ ቀንበጥ ይፈላበታል። ማሰሪያው የጨርቅ ቁራጭ ወይም አሮጌ ስቶኪንግ ይሁን፤ በቀጭን ሽቦ የታሰረ ቅርንጫፍ እየወፈረ ሲሄድ ሽቦውን ይውጠዋል።

አንድ ዛፍ ብቻ መትከል

አና ለብቻዋ ጥቂት ልትይዝ ትችላለች። አጠገቧ ዶርሴት ጎልደን ሲኖር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሁለቱ አንድ ሰሞን ያብባሉ፣ ንብም የአበባ ዱቄታቸውን ታመላልሳለች። ሁለት አና መትከል መፍትሔ አይደለም፤ ዱቄቱ ከሌላ ዝርያ መምጣት አለበት። ቦታ ከሌላችሁ የላይኛውን ረድፍ በሌላው ዝርያ ማዳቀል ይቻላል፣ በሽቦ ላይ ያለ ዛፍ ለዚህ ይመቻል። በአበባ ሰዓት የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ግን ንቦቹን ገድሎ ፍሬ አይጠብቅ።

ማዳበሪያ ማብዛት

ዩሪያና የዶሮ ኩስ ሲበዛ ቅጠል ታገኛላችሁ። ቅጠል ብቻ።

ቅጠሉ በራሱ ይረግፋል ብሎ መጠበቅ

ብርድ አገር ያለ አፕል ቅጠሉን አራግፎ ያርፍና በጸደይ አንድ ላይ ያብባል። እኛ ጋ ብርዱ ስለማይበቃ ቅጠሉ እንዳለ ይከርማል። አበባው ዛሬ እዚህ፣ ከወር በኋላ እዚያ እያለ ይወጣል፤ እንዲህ ሲሆን ንቧም ዱቄቱም አይገናኙም። መፍትሔው ቅጠሉን በእጅ መንቀል ነው። በኢንዶኔዥያ፣ ምሥራቅ ጃቫ ውስጥ ባቱ በሚባል ደጋ ገበሬዎቹ በዚህ መንገድ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታሉ።

እኔ የምነቅለው ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ ነው። ዛፉ የደረሰውን ያህል ብርድ አግኝቷል፣ እምቡጡም ወፍሯል። ከዚያ በፊት ለጥቂት ሳምንታት ውሃውን እቀንሳለሁ፤ ከነቀልኩ በኋላ ጠጥቶ እስኪጠግብ አጠጣለሁ። አበባው አንድ ወር ገደማ ቆይቶ፣ ሰማዩ ደረቅ ሳለ ይመጣል። ስትነቅሉ አትቸኩሉ። እምቡጡ ያለው በቅጠሉ ብብት ውስጥ ስለሆነ ተጎትቶ አብሮ ሊመጣ ይችላል። ከፈራችሁ የቅጠሉን አገዳ በመቀስ ቁረጡት፣ የቀረው ቁራጭ በራሱ ይወድቃል። ሰዎች «ጤነኛ ቅጠል እንዴት ይነቀላል?» ብለው ይሳሱለታል። ይገባኛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን ያስፈራል። ግን ንቀሉት።

የመጣውን ፍሬ ሁሉ ማስቀረት

ስንት ዓመት የጠበቀ ሰው ፍሬ ሲያይ አንዱንም መንካት አይፈልግም። ከአንድ የአበባ እቅፍ አራትም አምስትም ፍሬ ተጣብቆ ያድጋል። ሁሉም ትንንሽ ይሆናሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዛፉ ባዶ ይከርማል። ምክንያቱም በፍሬው ውስጥ ያሉት ዘሮች የሚያመነጩት ሆርሞን አዲስ የአበባ እምቡጥ እንዳይፈጠር ያግዳል። እምቡጡ የሚወሰነው አበባ ከረገፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት ስለሆነ ፍሬውን ዘግይቶ መቀነስ ብዙ አይጠቅምም። ፍሬው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሳለ ከየእቅፉ ትልቁንና እንከን የሌለውን አንዱን ብቻ አስቀሩ፤ በፍሬና በፍሬ መካከልም ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ገና የተተከለ ዛፍ ከሆነ የመጀመሪያውን ዓመት ፍሬ በሙሉ አንሱለት። እትዬም ልጆቹም ይቆጣሉ፤ ሽቦውን ገና አልሞላም በሏቸው።