ሹሩባ የመሰለውን ሞስ ስንለይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ግንድ፣ ድንጋይ ወይም አሮጌ ግንብ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ ሞስ፣ ማለትም አበባ የማያወጣ ትንሽ ተክል፣ አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ሂፕነም ኩፕረሲፎርሜ ነው። ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም አህጉር ይገኛል። በየቦታው ስላለ ጀማሪ ቶሎ ያገኘዋል፤ ቶሎም ይሳሳትበታል።

በቀለም መወሰን፦ ጥላ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው ወርቃማ ወይም ቡናማ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቻችን የድንጋይ ሽበት የምንለው ግራጫ ልጣፍ ደግሞ ጭራሽ ሞስ አይደለም። ላይከን ነው፤ ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት።

ከላይ አይቶ ማለፍ፦ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከምንጣፉ አንድ ዘለላ ብቻ ቀስ ብለው ይምዘዙ። መዳፍዎ ላይ አድርገው 10 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ይዩት። ቅጠሎቹ እንደ ማጭድ ጎብጠው፣ ጫፋቸውን ወደ ታች አዙረው ተደራርበዋል። እናቴ ለእህቴ ስትሠራላት አየው የነበረ ጥብቅ ያለ ሹሩባ ነው የሚመስለው! የስሙ ትርጉም ግን የፈረንጅ ጥድ መሳይ ማለት ነው። ቀጥሎ የቅጠሉን መሐል ይዩ። ብዙ ሞሶች መሐላቸው ላይ ረጅም ጅማት አላቸው። ይሄኛው የለውም፤ ቢኖረውም በጣም አጭርና መንታ ነው።

አንድ መልክ ብቻ መጠበቅ፦ አንዳንዱ እንደ ክር የቀጠነ ነው፣ አንዳንዱ ወፍራም። ሂፕነም አንዶይ የሚባል ዘመዱም በጣም ይመስለዋል። እዚህ ላይ የሚለያቸው ስፖር (ሞስ የሚራባበት ደቃቅ ብናኝ) የሚይዘው ከረጢት ነው፦ ክዳኑ ረጅም ምንቃር ካለው ኩፕረሲፎርሜ፣ አጭር ጉብታ ብቻ ካለው አንዶይ።

ዛፉን ይጎዳል ብሎ መፋቅ፦ እባክዎ ይተዉት። ሥር የለውም፤ በፀጉር መሳይ ቀጫጭን ክሮች ነው ቅርፊቱን የሚይዘው። ከዛፉ ምግብ አይመጥም። ውሃና ማዕድን በአብዛኛው የሚያገኘው ከዝናብና ከአየር ነው። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ በየ5 ዓመቱ ሞስ እየተሰበሰበ በአየር የሚመጡ እርሳስና ካድሚየም የተባሉ መርዛማ ብረቶች የሚለኩትም ለዚህ ነው። ይሄ ዝርያ ከሚሰበሰቡት አንዱ ነው፤ ስለዚህ ለሰብሳቢዎቹ ዝርያውን መሳሳት ቀላል ነገር አይደለም።

ፌስታል ውስጥ መክተት፦ ይታፈንና ይሻግታል። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ብቻ ወስደው በወረቀት ይጠቅልሉ። የት፣ መቼ፣ ምን ላይ እንዳገኙት ይጻፉበት። ደርቆ ዓመታት ይቆያል፤ ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት ያው ሹሩባው ይታያል።