ቀዩ አፈርና የብረት መፈለጊያው

ቡራዩ ጓሮዬ ውስጥ ለሙከራ የቀበርኳቸውን ሳንቲሞች የብረት መፈለጊያው ሊለይልኝ አልቻለም። ባዶ መሬት ላይም ዝም ብሎ ይጮኻል። ባትሪው ደህና ነው። ጣጣው የመጣው ከቀዩ አፈር ነው፤ አፈሩ የብረት ማዕድን ስላለው መሳሪያውን ያሳስተዋል።

መፍትሔው ግራውንድ ባላንስ ነው፤ ማለትም መሳሪያውን ከአፈሩ ጋር ማስማማት። መጀመሪያ ቆርኪም ሚስማርም የሌለበት ቦታ ፈልጉ። ከዚያ የታችኛውን ክብ ሳህን ወደ መሬት እያስጠጋችሁና እያነሳችሁ፣ ድምፁ ከፍ ዝቅ ማለቱን እስኪተው ድረስ ማስተካከያውን አዙሩ። ሴንሲቲቪቲውንም (መሳሪያው ብረት የመለየት ንቃቱን) ትንሽ ቀነስ አደረግሁት። የሚደርስበት ጥልቀት ይቀንሳል፣ ግን ለእኔ ጸጥታው ይበልጣል።

አሁን 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው ባለሁለት ቀለም የ1 ብር ሳንቲም ጥርት ብሎ ይሰማል። መሳሪያውን እንደ ሚስማር ያለ ብረት ሲያገኝ ዝም ብሎ እንዲያልፍ አድርጋችሁ ካስተካከላችሁት ግን ማግኔት የሚስባቸው ሳንቲሞች ሊያመልጧችሁ ይችላሉ፤ ከመቅበራችሁ በፊት በማግኔት ፈትሿቸው።