በሕዝብ ፊት የቦርድ ስብሰባ ስትመሩ

ካሊፎርኒያ ውስጥ የአንድ ትንሽ የሕዝብ ቦርድ ሰብሳቢ ስሆን ያስጨነቀኝ የመዶሻው አያያዝ ነበር። ዋናው ሥራ ግን ስብሰባው ሳይጀመር ነው ያለው። የአካባቢ የሕዝብ ቦርዶች ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የሚያዘው፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው የካሊፎርኒያ የብራውን ሕግ ለመደበኛ ስብሰባ አጀንዳው ቢያንስ 72 ሰዓት፣ ለልዩ ስብሰባ 24 ሰዓት ቀድሞ እንዲለጠፍ ያዛል። አጀንዳው ላይ የሌለ ጉዳይ ከተነሳ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ አትወስኑበት። ለሚቀጥለው ያዙት።

ትልቁ ወጥመድ ስልክ ነው። አምስት አባላት ካላችሁ ሦስቱ አብላጫ ናቸው። እኔ ለአንዱ ደውዬ ስለ ቦርዱ ጉዳይ ባወራ፣ እሱም ያንኑ ለሦስተኛው ቢያወራ፣ በድብቅ እንደተሰበሰብን ይቆጠራል። እኔ ራሴ አንዴ ለሁላችን በመጣ ኢሜይል ላይ «ለሁሉም መልስ» የሚለውን ልጫን ስል ጸሐፊያችን ደርሳ አዳነችኝ። ላብ በላብ ሆንኩ! ከዚያ ወዲህ መልሴ ለጸሐፊዋ ብቻ ነው።

ሕዝቡ ቦርዱ ከመወሰኑ በፊት ይናገር። ለመግባት ስሙን እንዲመዘግብ አታስገድዱ። የደቂቃ ገደብ ካለ ለሚያሞግሳችሁም ለሚሰድባችሁም እኩል ይሁን።

ከዚያ አንዱ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፣ ሌላው ይደግፋል፣ ክርክር ይከተላል። ማሻሻያ ከመጣ መጀመሪያ ድምፅ የሚሰጠው በማሻሻያው ላይ ነው፣ ቀጥሎ በተሻሻለው ሐሳብ ላይ። ሁሌም የሚያምታታው እዚህ ጋ ስለሆነ፣ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ጸሐፊዋ ሐሳቡን ጮክ ብላ ታነበዋለች። ማን ምን እንደመረጠም ቃለ ጉባኤው ላይ ይሰፍራል።