ሥራ ሲበዛበት ድርግም ይል የነበረው ኮምፒውተር

ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝታ ነበር፤ ቪዲዮ ማቀናበር ስትጀምር ድርግም ብሎ ይጠፋባታል። ምክንያቱ ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሣጥን ነው። በጎኑ የተለጠፈው 300 ዋት ሲል ምስልና ቪዲዮ የሚያስተናግደው አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርዱ ብቻውን 170 ዋት ይወስዳል፤ አምራቹም ቢያንስ 550 ዋት ይመክራል።

ደሴ ፒያሳ ወርጄ 550 ዋት መረጥኩ። ከዋቱ በላይ ያስጨነቀኝ ክብደቱ ነበር፤ እንደ ላባ የቀለለ ፓወር ሰፕላይ ውስጡ ዕቃ የጎደለው ሊሆን ስለሚችል ትልቅ ቁጥር ቢለጠፍበትም አላምነውም። ባለ 24 እግሩን የማዘርቦርድ (ክፍሎቹ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ገመድ፣ የፕሮሰሰሩንና የግራፊክስ ካርዱን ባለ 8 እግር ገመዶች አየሁ።

አሮጌው ኬዝ (ክፍሎቹን የሚይዘው ሣጥን) የሚቀበለው አነስተኛ ፓወር ሰፕላይ ብቻ ስለሆነ እሱም ተቀየረ። ማዘርቦርዱ ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለው መጠን፣ 244 በ244 ሚሊሜትር ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ስለምትሞቅ ፊቱ በደንብ አየር የሚያስገባውን ኬዝ ወሰድኩ፤ የካርዱንም ርዝመት በሜትር ለክቼ። አሁን ቪዲዮው ሳይቋረጥ ያልቃል።