የልብ ሴል መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲኖችን ስናጠና ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ልብ ሲወፍር ሴሎቹ እየተባዙ ነው ብሎ መነሳት የመጀመሪያው ስህተት ነው። በ25 ዓመት ሰው ልብ ውስጥ በዓመት የሚታደሰው የጡንቻ ሴል 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አዋቂ ልብ የሚያድገው በአብዛኛው ያለው ሴል እየገዘፈ ስለሆነ ቁጥር ብቻ ቆጥሮ መተው አያዋጣም፤ የሴሉ ስፋት ይለካ።

ፎስፌት (ፕሮቲን ላይ ተለጥፎ ሥራውን የሚቀይር ኬሚካላዊ ምልክት) ያለበትን ፕሮቲን ሁሉ «ሥራ ላይ ነው» ብሎ ማንበብም የተለመደ ነው። ለኢአርኬ (ERK፣ የእድገት መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲን) ያስኬዳል። ጂኤስኬ3ቤታ (GSK3β) የተባለው ፕሮቲን ግን ሴሪን 9 በተባለው ቦታው ላይ ፎስፌት ሲለጠፍበት ይተኛል፤ የእድገት ፍሬን ስለሆነም እሱ ሲተኛ ሴሉ ይገዝፋል። ጂን የሚያበራው ፕሮቲን ኤንፋትም (NFAT) ወደ ኒውክለስ የሚገባው ካልሲየም የቀሰቀሰው ካልሲኒዩሪን የተባለ ኢንዛይም ፎስፌቱን ሲነቅልለት ነው። ፎስፌት ያለበትን ፕሮቲን የሚለይ አንቲቦዲ ከማዘዝዎ በፊት ፎስፌቱ የትኛው ቦታ ላይ እንዳለና እዚያ ምን እንደሚያደርግ ያጣሩ።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ግን በሰዓት ነው። አዲስ ከተወለደ አይጥ በተወሰደ የልብ ሴል ላይ ሴሉን የሚያገዝፈው ፌኒሌፍሪን የተባለ መድኃኒት ሲጨመር ኢአርኬ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርስና ይወርዳል፤ የሴሉ መግዘፍ የሚታየው ግን ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱንም በ24ኛው ሰዓት የለካ ሰው «ኢአርኬ አልተነካም» ብሎ ይጽፋል። ናሙና በ0፣ 5፣ 15፣ 30 እና 60 ደቂቃ ይውሰዱ። ሴሉ የሚያድግበት ፈሳሽ ውስጥ ያለው ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ራሱ በእድገት መልእክት የተሞላ ስለሆነ ከ12 እስከ 24 ሰዓት አስቀድመው ያንሱት፤ ካልሆነ መነሻው ራሱ ከፍ ብሎ ይጠብቅዎታል።

ናሙናውም እጅ ላይ ይበላሻል። ፎስፋቴዞች (ፎስፌት ነቃይ ኢንዛይሞች) ሴሉ ከፈረሰ በኋላም ፎስፌት መንቀላቸውን አያቆሙም። በረዶ ላይ ይሥሩ፤ እነሱን የሚያግዱትን ሶዲየም ፍሎራይድና ሶዲየም ኦርቶቫናዴት የዚያኑ ዕለት ይጨምሩ፤ የልብ ቁራጭ ከሆነ ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይክተቱት። ፕሮቲኑ የተለጠፈበትን ሜምብሬን አንቲቦዲ ከመጨመርዎ በፊት በወተት ዱቄት መሸፈን ርካሽ ነው፤ የወተቱ ፕሮቲን ኬዚን ግን ራሱ ፎስፌት ተሸካሚ ስለሆነ ጀርባውን ሊያደበዝዝ ይችላል፤ 5 በመቶ ቢኤስኤ (ከላም ደም የሚገኝ አልቡሚን) ይሻላል። በ44 እና በ42 ኪሎዳልተን የሚወጡትን ሁለት ፎስፌት ያለባቸው የኢአርኬ መስመሮች ከጠቅላላው ኢአርኬ ጋር ያነጻጽሩ። ከአክቲን (የተለመደ የማነጻጸሪያ ፕሮቲን) ጋር ብቻ ከሆነ ፕሮቲኑ በዝቶ ይሁን ነቅቶ አይለይም።

የልብን ክብደት ለሰውነት ክብደት አያካፍሉ፤ የታመመ አይጥ ይከሳል፣ ልቡም ሳያድግ ያደገ ይመስላል። ለቅልጥም አጥንት ርዝመት ያካፍሉ። የቤታ ማዮሲን (ጡንቻን የሚያኮማትር ፕሮቲን ዓይነት) መጨመርም የበሽታ ምልክት ሆኖ የሚያገለግለው በአይጥ ነው፤ በጤነኛ ሰው የልብ ታችኛ ክፍሎች ውስጥ ዋናው ማዮሲን ድሮውንም ቤታ ነው።

ኤኬቲ (Akt) ስለተባለው መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲን «ኤኬቲ ልብን ይጠብቃል» የሚለው አባባል ያለ ጊዜ ገደብ ሲጻፍ ያሳስታል። አይጥ ልብ ውስጥ ለ2 ሳምንት ሲበራ ልቡ ገዝፎ መኮማተሩን ይቀጥላል። ለ6 ሳምንት ሳይጠፋ ሲቆይ ግን ካፒላሪዎቹ (ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች) ከጡንቻው ወደኋላ ይቀራሉ፣ ልቡም ይደክማል።