ዳስ ሽቫርትሰ አውገ አልሄድ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ «ዳስ ሽቫርትሰ አውገ» (ጥቁሩ ዓይን) የሚባለውን የጀርመኖች የሚና ጨዋታ ለመሞከር ጠረጴዛ ከብበው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልካቸውን መነካካት ለሚጀምሩ ሰዎች ነው። የጨዋታ መሪ ምን እንደሚሠራ፣ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ። የማወራው እ.ኤ.አ. በ2015 ስለወጣው አምስተኛ እትም ነው። ጨዋታው ከ1984 ጀምሮ ሲታተም ስለኖረ ያገለገሉ መጻሕፍት በርካሽ ይገኛሉ፤ ርካሽ ነው ብላችሁ የተለያዩ እትሞችን አትቀላቅሉ። ይህች ቁጠባ ምን እንደምታስከፍል ከታች ታያላችሁ።

ምልክት፦ ሌሊቱ ተጋመሰ፣ ጀግኖቹ ግን ገና አልተወለዱም።

ምክንያቱ ሁሉም ገጸ ባሕርይውን ከባዶ ለመሥራት መነሣቱ ነው። በተለመደው መነሻ ደረጃ እያንዳንዱ ተጫዋች 1100 የጀብዱ ነጥብ ይሰጠዋል። ስምንቱን መሠረታዊ ባሕርያት፣ ክህሎቱን፣ የውጊያ ስልቱን፣ በጎ ጎኑን ሁሉ በዚያ ይገዛል፤ ዋጋውም ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይንራል። ለመጀመሪያው ቀን ዋናው የደንብ መጽሐፍ ውስጥ ተዘጋጅተው ከቀረቡት ጀግኖች ምረጡ። የራሴን ካልሠራሁ የሚል ካለ፣ ኦፕቶሊት በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቤቱ ሠርቶ ይምጣ።

ምልክት፦ ፈተና በተጣለ ቁጥር ጨዋታው ይቆማል፤ ወይም ጀግናው የሞከረው ሁሉ ይከሽፋል።

የምጠራባቸው ጠረጴዛዎች አብዛኞቹ የሚታመሙት በዚህ ነው። የክህሎት ፈተና በሦስት ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ እያንዳንዱ ዳይስ ከአንድ ባሕርይ ጋር ለብቻው ይነጻጸራል፤ ከባሕርዩ መብለጥ የለበትም፣ ከበለጠ ትርፉ ከክህሎቱ ነጥብ ይከፈላል። አይደመሩም! ሦስቱን ደምሮ «አርባ ሁለት መጣልኝ» የሚል ተጫዋች ሳላይ ያለፈ አዲስ ቡድን ትዝ አይለኝም።

ግድግዳ መውጣትን እንውሰድ። የሚፈተኑት ድፍረት፣ ቅልጥፍናና ጉልበት ናቸው። የጀግናችን ድፍረት 13፣ ቅልጥፍናው 14፣ ጉልበቱ 12፣ የመውጣት ክህሎቱ 5 ይሁን። 15፣ 9 እና 13 ጣለ። ዳይሱ ድፍረቱን በ2፣ ጉልበቱን በ1 በለጠ፤ ይህ 3 ከክህሎቱ ነጥብ ይከፈላል፣ 2 ይተርፋል። ወጣ፤ የጥራት ደረጃው፣ ማለትም ምን ያህል በደንብ እንደተሳካለት የሚለካው ቁጥር፣ 1 ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ብልሽት ይገባል።

አንደኛው፣ ነጥቡ አለቀ ብሎ ማሰብ ነው። ሌባ ሆና የምትጫወት ሴት የመጀመሪያውን አጥር ስትወጣ አምስቱንም ነጥብ ከፈለች፤ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ስር ቆማ ጓደኞቿን ስትጠብቅ አመሸች። የጨዋታው መሪም ዝም አላት። ነጥቡ ለእያንዳንዱ ፈተና እንደ አዲስ ሙሉ ነው።

ሁለተኛው የእትም ድብልቅ ነው፤ ጠብ የሚያስነሣውም እሱ ነው። ግድግዳው እርጥብ ስለሆነ መሪው 2 ቀነሰ እንበል። በአራተኛው እትም ቅናሹ ከክህሎቱ ነጥብ ይነሣል፦ 5 ወደ 3 ይወርዳል፣ ጀግናው 3 ይከፍላል፣ ይወጣል። በአምስተኛው ግን ቅናሹ ከሦስቱም ባሕርያት ላይ ይነሣል፦ 11፣ 12 እና 10 ይሆናሉ፤ ትርፉ 4 እና 3፣ በጠቅላላው 7 ነው፣ 5 ነጥብ አይበቃም። ይወድቃል። ዳይሱ ያው፣ ጀግናው ያው፤ አንዱ ቆሟል ሌላው አጥንቱ ተሰብሯል። አሮጌውን መጽሐፍ የያዘና አዲሱን የያዘ ሁለት ጓደኛሞች በዚህ ተኳርፈው ጨዋታው ተበትኖ አይቻለሁ፤ ሁለቱም በየመጽሐፋቸው ልክ ነበሩ።

ሦስተኛው የመሪው ልግስና ነው፤ ቅናሽ እንደ በርበሬ ይነሰንሳል። ሦስቱም ባሕርያቱ 13፣ ክህሎቱ 4 የሆነ ጀግና ያለ ቅናሽ የመሳካት ዕድሉ 56 በመቶ ገደማ ነው። 3 ብትቀንሱበት ወደ 30 ይወርዳል። «ሦስት ብቻ ናት» አትበሉ፤ ሦስቴ ነው የምትመታው።

መፍትሄ፦ ሦስት የተለያየ ቀለም ያላቸው ዳይሶች ግዙ፤ የትኛው ቀለም ለመጀመሪያው፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ባሕርይ እንደሆነ ተስማሙና አንድ ላይ ጣሉ። አንዱን ዳይስ ሦስት ጊዜ ማንከባለል ጊዜ ይበላል፤ የቱ ለየትኛው እንደነበረም ያስረሳል። ማስጠንቀቂያ፦ ቁጥራቸው ቶሎ የሚፋቅ ርካሽ ዳይሶች አትግዙ፤ 6ን ከ9 የማይለይ ዳይስ ዕቃ አይደለም። ማስጠንቀቂያ፦ ቅናሹ ዳይሱ ከመጣሉ በፊት ይነገር። ማስጠንቀቂያ፦ ለእያንዳንዷ ነገር ፈተና አትጠይቁ፤ እሳት ለማንደድ ሦስት ዳይስ ያስጣለ መሪ አጋጥሞኛል። ባሕርያቱ ከ13 ያላነሱ፣ ክህሎቱ 10 የደረሰ ጀግና ቅናሽ የሌለበትን ሥራ ሳይጥል እንዲያልፍ ደንቡ ራሱ ይፈቅዳል። ያቺን አንቀጽ አንብቧት።

ምልክት፦ ሁለት ተዋጊዎች ሲማቱ ያመሻሉ፣ የሚወድቅ የለም።

አጥቂው ቢመታም ተከላካዩ ለመመከት የራሱን ዳይስ ይጥላል፤ ካልተሳካለትም ጥሩሩ ጉዳቱን ይቀንስለታል። ስለዚህ መዘግየቱ ያለ ነው፤ የሚያራዝመው ግን ሕመም አለመመዝገቡ ነው። የተዋጊው የሕይወት ነጥብ ወደ ሦስት አራተኛ፣ ወደ ግማሽ፣ ወደ አንድ አራተኛ ሲወርድ፣ በመጨረሻም 5 ሲደርስ በየእርከኑ አንድ ደረጃ ሕመም ይጨመራል። እያንዳንዱ ደረጃ በሁሉም ፈተና ላይ 1 ይቀንሳል፤ አራተኛው ከውጊያ ያስወጣል። ሁለት ሆናችሁ አንዱን አጥቁ፦ በአንድ ዙር ከመጀመሪያው በኋላ ያለው እያንዳንዱ መከላከል በ3 ይከብዳል። ሽፍቶችም ሲቆስሉ ይሽሹ እንጂ እስከ መጨረሻው ጠብታ አይዋጉ።

ጠንቋዩ በሁለተኛው ቀን ኃይል አጣ? የአንድ ሌሊት ዕረፍት የሚመልሰው በባለ ስድስት ገጽ ዳይስ የሚጣለውን ያህል ነው፤ ይቆጥብ።

የሰንሰለት ጥሩር የለበሰው ጀግና ዋና አቃተው? ጥሩሩ ከጉዳት 4 ይቀንሳል፤ በምላሹ ሁለት ደረጃ ሸክም ይጭናል። የተበላሸ ነገር የለም፤ ያውልቀው።